ለሁለት ታጥፎ የሚመጣ ፌሮ

ከአዲስ አበባ በሆለታና በጊንጪ አድርጎ ወደ አምቦ የሚሄድ ፌሮ የጫነ መኪና እንግዳ ነገር አይደለም። 12 ሜትሩ ዘንግ ከመኪናው ስለሚተርፍ ብዙ ጊዜ ከወገቡ ታጥፎ ይጫናል። አምቦ፣ ጉደር ወይም ሸነን ሲራገፍ ፌራዮው በቧንቧ ይዞ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ያቃናዋል። ከዚያ ወዲያ የት ላይ ታጥፎ እንደነበር የሚጠይቅ የለም፤ ኮለንም ቢምም ውስጥ ይገባል። መጠየቅ ግን ነበረበት።

ዘንግ ሲታጠፍ የውጭ ፊቱ ይሳባል፣ የውስጡ ይጨመቃል። የመታጠፊያው የውስጥ ክብ ስፋት የዘንጉ ውፍረት እጥፍ ብቻ ከሆነ የውጭው ፊት ወደ 33 በመቶ ይሳባል። በአውሮፓው ደንብ ላይ የተመሠረተው የአገራችን የሕንፃ ኮድ ከ«ሲ» ደረጃ ፌሮ የሚጠብቀው፣ ከፍተኛውን ጭነት ሲሸከም ቢያንስ 7.5 በመቶ እንዲሳብ ነው። እርግጥ ሁለቱ ቁጥሮች በቀጥታ አይወዳደሩም፤ አንዱ የአንድ ነጥብ፣ ሌላው የረዘመ ዘንግ ልክ ነው። ቢሆንም እጥፋቱ ላይ ብረቱ የነበረውን አቅም አስቀድሞ መብላቱ አያከራክርም። ሲቃና ደግሞ በዘንጉ ጥርሶች ሥር የተፈጠረ ጥቃቅን ስንጥቅ ሊከፈት ይችላል። ውሎ ሲያድር የተጣመመው ክፍል ይጠነክራል፣ ግን ተሰባሪም ይሆናል። የፌሮ ፍተሻ ዘንጉን አጥፎ፣ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቆ መልሶ ማቃናትን የሚጨምረው ለዚህ ነው።

አምቦ ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። ከየረር እስከ ቱሉ ወለል የተዘረጋው የእሳተ ገሞራና የስንጥቅ መስመር በዚያ ያልፋል፤ ፍል ውሃው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ሕንፃን የሚያተርፈው ብረቱ ሳይበጠስ መሳቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሎስ አንጀለሱ የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከ100 በላይ የብረት ሕንፃዎች የብየዳ መገጣጠሚያቸው ሳይሳብ ተሰነጠቀ፤ ያልጠበቁት መሐንዲሶች ደነገጡ።

እጥፋቱ ፌሮውን ምን ያህል እንደሚጎዳው ለግምት መተው አያስፈልግም። የኮምፒዩተር ሞዴል ዘንጉን ለሺዎች ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ መታጠፉንና መቃናቱን ደረጃ በደረጃ ያሰላል። ገርሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረበው ቀመር በብረቱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክፍተቶች እየሰፉ እንዴት እንደሚያዳክሙት ያሳያል። ሞዴሉ የሚታመነው ግን ገበያችን ላይ ባለው ፌሮ ከተለካ ነው፤ የሌላ አገር ቁጥር ገልብጦ ማስገባት ዋጋ የለውም። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሃጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ የምህንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራ ከዚህ የቀረበ ርዕስ ከየት ያገኛሉ? ዘንጉ በደጃቸው ነው የሚያልፈው።

የታጠፈውን ቆርጦ መጣል ብክነት ነው የሚሉ ሥራ ተቋራጮች አልተሳሳቱም፤ ብረት ውድ ነው። ግን ማጠፉ ካልቀረ በሰፊው ይታጠፍ፤ የውስጡ ክብ የውፍረቱ 20 እጥፍ ቢሆን መሳቡ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። እጥፋቱም ሳይቃና በፊት በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ተቆጣጣሪው መሐንዲስም ያ ምልክት ከኮለንና ከቢም መጋጠሚያ መራቁን አይቶ አርማታው እንዲሞላ ይፍቀድ።