ጥሬ ሥጋ ለግዙፍ ውሻ፤ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

የግዙፍ ዝርያ ቡችላ ሊገዛ የመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚከራከረው በዋጋው ላይ ነው። የእናቱንና የአባቱን ቁመት ይጠይቃል፣ የእግሩን ውፍረት አገላብጦ ያያል። የማይጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ እንስሳ እስኪሞት ድረስ ምን ያህል ይበላል? መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ነዳጅ ፍጆታው ሳይጠይቅ ገንዘቡን አያወጣም። ውሻ የሚገዛው ግን ብዙውን ጊዜ ‹‹ከሥጋ ቤት የሚተርፍ አይጠፋም›› በሚል ተስፋ ይገዛል።

ለዚህ የቆየ ልማድ አሁን አዲስ ማስረጃ የሚመስል ነገር ተገኝቶለታል። ውሻ የተኩላ ዘር ስለሆነ ጥሬ ሥጋ፣ አጥንትና የሆድ ዕቃ ቢበላ ዕድሜ ልኩን ጤነኛ ይሆናል የሚለው አስተሳሰብ ነው። አስተሳሰቡን በስፋት ካስተዋወቁት አንዱ አውስትራሊያዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ቢሊንግኸርስት ሲሆን፣ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ለጥሬ የውሻ ምግብ ራሱን የቻለ ገበያ ተፈጥሯል። በዚያ ገበያ ምግቡ ተፈጭቶ፣ ተመዝኖና በረዶ ሠርቶ በፓኬት ይሸጣል። እዚህ ሲደርስ ግን መፍጨቱም፣ መመዘኑም፣ ማቀዝቀዣውም ቀርቶ ጥሬነቱ ብቻ ተረፈ። በባልዲ የሚመጣው የሥጋ ቤት ትራፊ ‹‹የተፈጥሮ አመጋገብ›› የሚል ስም አገኘ።

ጥሬ መመገብ ሙሉ ሒሳቡን ለሚከፍል ሰው የሚቻል ነገር ነው። ርካሽ የሚመስለው ገሚሱ ሒሳብ ስለማይከፈል ብቻ ነው። ያልተከፈለው ደግሞ አይጠፋም፤ ከፊሉ በውሻው አጥንት፣ ከፊሉ በጎረቤት ጉበት ላይ ይመዘገባል።

የአራት በሬ ቀለብ

ስሌቱ ቀላል ነው። ግሬት ዴን የተባለው ዝርያ ሙሉ በሙሉ ሲያድግ 60 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ጥሬ የሚመግቡ ሰዎች ለአዋቂ ውሻ የሚጠቀሙበት የተለመደ ልክ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ነው። ይህ በቀን 1.2 ኪሎ፣ በዓመት 438 ኪሎ ግራም ይሆናል። በኢትዮጵያ ከአንድ የታረደ የቀንድ ከብት የሚገኘው ሥጋ በአማካይ 110 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ፣ አንድ ውሻ በዓመት የአራት በሬ ሥጋ ይፈጃል ማለት ነው። ለስሌት እንዲያመች የኪሎው ዋጋ 500 ብር ብቻ ነው ቢባል እንኳ የዓመቱ ወጪ 219 ሺህ ብር ይደርሳል። የዝርያው ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት መሆኑ ሲታከልበት፣ ቡችላው የተገዛበት ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ወጪ የሚችል ባለውሻ ጥቂት ነው። የቀረው ሰው ማንኛውም ሸማች ዋጋ ሲወደድበት የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ወደ ርካሹ ተተኪ ይዞራል። ተተኪው ሰው የማይሻማበት ሳንባ፣ ጣፊያ፣ የጨጓራ ቁራጭና የታመመ ጉበት ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ሥጋ ብቻውን አጥንት አይሠራም

ግዙፍ ዝርያዎች ከሌሎች ውሾች የሚለዩት በእድገታቸው ፍጥነት ነው። ሲወለድ አንድ ኪሎ የማይሞላው ግሬት ዴን በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ 50 እና 60 ኪሎ ይሆናል። ይህን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው አጥንት የሚሠራው ከካልሲየምና ከፎስፈረስ ነው፤ ካልሲየሙም ከፎስፈረሱ በጥቂቱ መብለጥ አለበት። በ100 ግራም ቀይ ሥጋ ውስጥ ግን ፎስፈረሱ 200 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን ካልሲየሙ 10 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ሥጋና የሆድ ዕቃ ብቻ የሚበላ ቡችላ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት እየቦረቦረ ይወስዳል። ጡንቻው ያማረ፣ አጥንቱ ግን የሳሳ ውሻ ይሆናል፤ እግሩ ይጎብጣል፣ በቀላሉም ይሰበራል።

ይህን የሰማ ባለውሻ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጦ የካልሲየም ዱቄት በማንኪያ ቢጨምር ስህተቱን አያርመውም። በሆላንድ የኡትሬኽት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ ከልክ በላይ ካልሲየም የበሉ የግሬት ዴን ቡችላዎች የአጥንትና የመገጣጠሚያ እድገታቸው መዛባቱን አሳይተዋል። ቡችላ የተረፈውን ካልሲየም ወደ ሰውነቱ እንዳይገባ የመከልከል አቅሙ ደካማ ነው። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር በአሁኑ መመዘኛው፣ ሲያድጉ ወደ 32 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚደርሱ ቡችላዎች በሚዘጋጅ ምግብ ውስጥ ካልሲየም ከደረቅ ክብደቱ 1.8 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነው በዚሁ ምክንያት ነው። በባልዲ የሚመጣ ትራፊ ውስጥ 1.8 በመቶን የሚለካ ማን ነው?

‹‹ዕድሜ ልክ ጤና›› የሚለው ተስፋም ቢሆን መመርመር ይገባዋል። ጥሬ የሚመግቡ ሰዎች ፀጉሩ ያበራል፣ ጥርሱ ይነጻል ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ጥሬ ምግብ የውሻን ዕድሜ እንደሚያረዝም ያረጋገጠ የረጅም ጊዜ ጥናት ግን የለም። ዕድሜን በመጨመር በጥናት የተመሰከረለት ሌላ ነገር ነው፤ ትንሽ መብላት። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመውና 48 የላብራዶር ውሾችን ዕድሜ ልካቸውን በተከታተለው ጥናት፣ ከአቻዎቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የተመገቡት በመካከለኛ ስሌት 13 ዓመት ሲኖሩ፣ አቻዎቻቸው 11.2 ዓመት ኖረዋል። ላብራዶር ግዙፍ ዝርያ አይደለም። ሆኖም በግሬት ዴን ቡችላዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ የሆነው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሙከራ፣ ያሻቸውን ያህል የበሉት ልካቸውን ከበሉት ይልቅ የአጥንት ችግር እንደበዛባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ውሻውን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ነገር ወጪን የሚጨምር ሳይሆን የሚቀንስ ነው። ሻጭ ስለሌለው ግን የሚያስተዋውቀው የለም።

ሳንባው ወዴት ይሄዳል?

ሁለተኛው ያልተከፈለ ሒሳብ ከግቢው አጥር ውጭ ያለ ነው። ኤኪኖኮከስ የሚባል፣ ከኮሶ ትል ወገን የሆነ፣ ቁመቱ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ትል አለ። በበግ፣ በፍየል፣ በከብትና በግመል ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ሆኖ ያድጋል። ውሻ ይህን ሳንባ ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ጎልምሶ ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ እንቁላል መጣል ይጀምራል። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ወደ ሣር፣ ወደ ጎመን፣ ወደ ውሻው ፀጉር፣ ከዚያም ውሻውን ወደሚዳስሰው ልጅ እጅ ይሄዳል። በሰው ሆድ ከገባ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ያንኑ እጢ ይሠራል። እጢው ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድግና መጨረሻው ቀዶ ሕክምና ወይም ረጅም የመድኃኒት ጊዜ ይሆናል። በሽታው በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የሚታወቅ ነው።

ውሻው በአብዛኛው ምንም አይሰማውም፤ ያማረና የጠገበ ሆኖ ይታያል። ጥሬ መብላቱ ተስማምቶታል የሚለው ባለቤቱም አልዋሸም፤ የተመለከተው የራሱን መዝገብ ብቻ ነው። ተጠቃሚው አንድ ሰው፣ ከፋዩ ግን በግብይቱ ውስጥ የሌለ ሦስተኛ ወገን ሲሆን ገበያ ትክክለኛውን ዋጋ መናገር ያቅተዋል።

በቄራ የሥጋ መርማሪ እጢ ያለበትን ሳንባ ለይቶ እንዲወገድ ያደርጋል። የቅርጫ በሬ በሚታረድበት ሰፈር ግን መርማሪ የለም። በፋሲካና በገና ሰሞን ሥጋው በመደብ ተከፋፍሎ ሲያልቅ፣ ሳንባውና ‹‹ደስ የማይለው›› ጉበት ለውሻ ይወረወራል። ለሰው ገበያ የማይበቃ ዕቃ በውሻው በኩል ዳግም ወደ ሰው የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ የማይቀር ዕጣ እንዳልሆነ የሌሎች አገሮች ታሪክ ይመሰክራል። በአይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1863 ዴንማርካዊው ሐኪም ሃራልድ ክራቤ በመረመራቸው ውሾች ከአራቱ ከአንድ በላይ በሚሆኑት ላይ ትሉን አግኝቶ ነበር። በማግስቱ ዓመት ለሕዝብ የታደለው ትንሽ መጽሐፍ ሰዎች የታመመ የሆድ ዕቃን ለውሻ እንዳይሰጡ አስተማረ፤ ሕግም ተከተለው፤ በሽታውም ከአገሪቱ ጠፋ። ኒውዚላንድ ጥሬ የሆድ ዕቃን ለውሻ መስጠትን ከልክላና ውሾቿን ለአሥርት ዓመታት በመድኃኒት ተቆጣጥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከበሽታው ነፃ መሆኗን በጊዜያዊነት አውጃለች።

ሙሉው ደረሰኝ

ስለዚህ ጥሬ ለመመገብ የቆረጠ ሰው ደረሰኙ ላይ ሊያሰፍራቸው የሚገቡ መስመሮች አሉ። ሥጋው ከተመረመረ እርድ መሆን አለበት። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ለአሥር ቀን መቆየት ይገባዋል፤ ይህም እጢውን ይገድላል፣ ሳልሞኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎችን ግን አያጠፋም፤ ዕቃንና እጅን በሳሙና ማጠብ ግድ ነው። የትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የእንስሳት ሐኪም ባዘዘው ልክ በየስድስት ሳምንቱ ሊሰጥ ይገባል። የካልሲየሙን ልክም ሐኪም ይወስነው። ይህን ሁሉ ደምሮ ‹‹እችላለሁ›› ለሚል ሰው ምርጫው የራሱ ነው።

ለማይችለው ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘር ጥናት እንዳሳየው ውሻ ከተኩላ ተለይቶ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ ስታርች የመፍጨት ችሎታ አዳብሯል። የበቆሎ ገንፎ ወይም ሩዝ ከተቀቀለ ሥጋና የሆድ ዕቃ ጋር የአንድ አዋቂ ውሻ ቀለብ ዋና ክፍል ሊሆን ይችላል። የሆድ ዕቃው ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ከፈላ ትሉ ይሞታል። የተቀቀለ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥም፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ስለሚጎዳ የወጥ ትራፊም አይሆንም። ቀለቡን በቀን ሁለት ጊዜ ከፍሎ መስጠትም ይበጃል፤ ግዙፍ ውሻ ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ሲበላ ሆዱ ተነፍቶ የመጠምዘዝ አደጋ አለበት። ለቡችላ ግን ቢያንስ እድገቱ እስኪያበቃ ለትልልቅ ዝርያ የተዘጋጀ ምግብ መግዛት ያዋጣል፤ የተጣመመ እግር በኋላ በምንም ገንዘብ አይቃናም።

የሚመለከተው የመንግሥት አካልም የራሱ ድርሻ አለው። በበዓል ሰሞን ስለ እርድ በሚነገረው ማሳሰቢያ ላይ ‹‹ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ አትስጡ፤ እጢ ያለበትን አቃጥሉ ወይም አርቃችሁ ቅበሩ›› የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ብዙ በጀት አይጠይቅም። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲሰጥም የትል መድኃኒቱን አብሮ ማደል ይቻላል።

የዚህ አገር ሰው ጥሬ ሥጋ ያለ ክፍያ እንደማይበላ ለመማር መጽሐፍ አላስፈለገውም። ቁርጥ ወዳዱ አያት በየሁለት ወሩ ኮሶውን ይጠጣ ነበር፤ መራራውን ዋጋም የሚከፍለው ራሱ እንጂ ጎረቤቱ አልነበረም። ግዙፍ ውሻ አሳድጎ ጥሬ የሚያበላ ሰውም ቢያንስ ይህን ደንብ ሊያከብር ይገባል።