ለለቅሶ የምንደርሰውን ያህል ለመንገደኛ ተማሪም እንድረስ



እንደሚታወቀው ክረምቱ እየወጣ ነው። ጭቃው ጠጠር ማለት ጀምሯል፤ አደዩም በየአጥሩ ሥር ብቅ ብቅ ብሏል። ክረምቱን በየቤታችን የሰነበቱት የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ልጆቻችን ወደ ትምህርታቸው የሚመለሱበት ጊዜ ደርሷል። በየግቢው ገብስ ለበሶ ይቆላል፣ ዳቦ ቆሎ ይጠበሳል፣ ብርድ ልብስ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል። ወፍጮ ቤት ሰልፍ የያዙ እናቶችም «የኔው ልጅ ጅማ ነው፤ ያንቺውስ?» ሲባባሉ እንሰማለን።

ይህ ሁሉ ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ተማሪ ባለበት ግቢ ሁሉ በሶ አይዘጋጅም። ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነውም በሶ ስለማይዘጋጅበት ግቢ ነው።

ዓምና በዚሁ ወቅት የሆነውን እንናገር። ስም አንጠራም፤ ቤቱንም አንጠቁምም። የጻፍነውም እናትና ልጅ ፈቅደውልን ነው። ከሰፈራችን ልጆች አንዱ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ ለክረምት መጥቶ ነበር። መንገድ ላይ ስናገኘው «ጉዞ መቼ ነው?» እንለዋለን። «ሰሞኑን ነው» ይለናል። «በል በርታ፣ እግዜር ይከተልህ» ብለን መርቀን እናልፋለን። ከዚያ በኋላ ከዓይናችን ስለጠፋ ሄዷል አልን። ልጁ ግን አልሄደም ኖሯል። ጎሕ ሳይቀድ ከቤት ወጥቶ፣ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ሲሚንቶ ሲሸከም ውሎ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት ይገባ ነበር። ያወቅነው ኅዳር ላይ ነው፤ ያውም በአጋጣሚ። ከማኅበራችን አባላት አንዱ ለጉዳይ ሌላ ሰፈር ሄዶ ሳለ ከቀን ሠራተኞቹ መካከል አየው። ልጁ ፊቱን አዞረ።

እናቱ ቤት ሄደን «ምነው ሳይነግሩን?» ብንላቸው የመለሱልን መልስ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «ምን ብዬ ልለምን ጋሼ? ብሞት ትቀብሩኛላችሁ፤ እሱን አውቃለሁ። ለልጄ የመኪና ስጡኝ ተብሎ በእድር ይጠየቃል እንዴ?» አሉን።

የጎደለውን ገንዘብ ስናሰላው በአንድ ለቅሶ ቤት ለውሃና ለለስላሳ የሚወጣውን እንኳ የሚያህል አልነበረም። ይበልጥ ያንገበገበን ደግሞ ሌላ ነው። ልጁ በቀን ሥራው የመኪናውንና የመጀመሪያውን ወር ወጪ በሦስት ሳምንት ውስጥ አጠራቅሞት ነበር። ነገር ግን በሦስተኛው ሳምንት ምዝገባው፣ በቅጣት የሚመዘገቡበት ቀን እንኳ ሳይቀር፣ አልፎ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ልጁን አንድ ሙሉ ዓመት ያስቀረው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን የሦስት ሳምንት መዘግየት ነው። ለሦስት ሳምንት የሚያበድረው ጎረቤት ቢያገኝ ኖሮ ዘንድሮ አራተኛ ዓመት ይገባ ነበር።

«ዩኒቨርሲቲ እኮ በነፃ ነው፤ መንግሥት ያበላል፣ ያስተኛል፤ ሌላ ምን ወጪ አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ልጁን ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ልኮ የማያውቅ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በነፃ የሚባለውም ቢሆን ዕዳ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝም ይከፍላል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ማንም የማያበድረው ወጪ አለ፦ መኪና፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጫማ። አዲስ ገቢ የሆነ እንደሆነም ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅና ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘህ ና ይባላል። ይህ ሁሉ የሚጠየቀው በዚያው በመስከረምና በጥቅምት፣ የታናናሾቹ ደብተርና ዩኒፎርም በሚገዛበት፣ የዓመት በዓሉ ወጪ ኪስን አራቁቶ በሄደበት ሰሞን ነው።

ዘመኑም ተለውጧል። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ለከተማችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ማለት በእግር ወይም በአንበሳ አውቶቡስ የሚደረስበት አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ነበር። እሑድ እሑድ ቤቱ መጥቶ እንጀራ በልቶ፣ ልብሱን አጥቦ ይመለሳል። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። መብዛታቸው መልካም ነው። ነገር ግን የሰፈራችን ልጅ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅማ፣ ከ700 በላይ ተጉዞ ጎንደር ይደርሳል። ጉዞው አንዳንዱን መንገድ ላይ ያሳድረዋል፤ መንገድ ተዘግቷል በተባለ ጊዜም ወጪው እጥፍ ይሆናል። አርባ ምንጭ ወይም ጋምቤላ የሚሄደው ደግሞ ወባ ወዳለበት አገር ነው የሚወርደው። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ወባን አያውቃትም፤ አጎበር ሊይዝ፣ ትኩሳት ሲሰማውም «ጉንፋን ነው» ብሎ ሳይተኛ በዚያው ቀን ሊመረመር ይገባዋል።

እዚያ ለመድረስ የታለፈውንም በር አንርሳ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3ቱ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅም የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። በመግቢያም በመውጫም እንዲህ ያለ በር ተዘርግቶለት ሳለ፣ በሩን ያለፈ ልጅ በመኪና ዋጋ ቢቀር ነውሩ የልጁ ነው ወይስ የሰፈሩ?

በኮሚቴያችን ውስጥ ይህን ስናነሳ ሦስት ተቃውሞ ቀርቧል። መሸፋፈን አንወድምና እዚሁ እንጻፈው።

አንደኛው፣ የእድር ገንዘብ የሬሳ ገንዘብ ነው፤ አይነካም የሚል ነው። እውነት ነው፤ በደንባችንም ተጽፏል። እኛም ከሣጥኑ ይውጣ አላልንም። የምንለው፣ ለብቻው የተመዘገበ ትንሽ የተማሪ መንገድ ብድር ይኑር ነው።

ሁለተኛው፣ የሰጠነው አይመለስም የሚል ነው። ሊሆን ይችላል፤ ከአሥር አንዱ ላይመልስ ይችላል። ነገር ግን ከላይ የጠቀስነው ልጅ በሦስት ሳምንት ጉልበቱ ያጠራቀመውን አስቡ። የቸገረው ልጅ ለመመለስ ከማንም ይልቅ ይተጋል። ቀሪው የኪሣራ ሥጋት ደግሞ በብዙ ቤት ሲከፋፈል አይከብድም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ!

ሦስተኛው፣ ሁሉም የየራሱን ልጅ ያሳድግ የሚል ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት እንቸገራለን፤ ምክንያቱም የሰፈራችን ልጅ ሲመረቅ ፎቶግራፍ ለመነሣት የማይሰለፍ ጎረቤት አላየንም። በምርቃቱ ቀን «ልጃችን» የምንል ከሆነ በመንገዱም ቀን «ልጃችን» ማለት አለብን።

በመሆኑም ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

ፈቃደኛ የሆነ ቤት ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በነሐሴ፣ አቅሙ የፈቀደውን ያዋጣ። ከዚህም ለመንገድ የተቸገረ ተማሪ ያለ ወለድ ይበደር፤ በሚቀጥለው ክረምት ወይም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይመልስ። ጠያቂው የሚነግረው ለሁለት ሰው ብቻ ይሁን፤ አንዷ ከእናቶች፣ አንዱ ከአባቶች። የማንም ስም በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ። ችግርን የሚያባብሰው ማፈር እንደሆነ አይተናልና።

የጨረሱ ልጆች ያሏችሁ ቤተሰቦች፣ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የሚጠጣውን ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ የሂሳብ መኪናና መጽሐፍ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አምጡ። የምዝገባ ጥሪው ለነባሩና ለአዲስ ገቢው፣ ለየዩኒቨርሲቲውም የተለያየ ቀን ስለሆነ፣ ስልክ ያላችሁ ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲያችሁ ከራሱ ገጽ አይታችሁ ቀኑን አምጡልን፤ እኛ እዚሁ እንለጥፋለን። «ተባለ» እና «ሰማሁ» ብዙ ልጅ አስቀርቷል። ወደ አንድ ከተማ የምትሄዱም አብራችሁ ተጓዙ፤ ነባሩ አዲሱን ይዞ ይሂድ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ ሻንጣውን ለማዘጋጀት የሚያመነታ፣ ስለ ውጤቱ ሲጠየቅ ወሬ የሚያስለውጥ ከሆነ ቁጣን አታስቀድሙ። ወድቆ፣ ወይም በማስጠንቀቂያ አልፎ፣ መናገር ፈርቶ ይሆናል። የተደበቀ ውጤት መፍትሔ አያገኝም፤ የተነገረ ግን መልሶ የመግባትም ሆነ ሌላ ሙያ የመማር መንገድ ይገኝለታል። «ጎረቤት ምን ይለኛል?» ብላችሁ ልጁን አታስጨንቁት። ጎረቤቱ እኛ ነን፤ ምንም አንልም።

ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም ስሙ። የምትይዙት በሶ የእናት ሌሊት አለበት። የምትበደሩት ብር ከጡረታ የተቆነጠረ ሊሆን ይችላል። እንደደረሳችሁ ደውሉ፤ ዕቃችሁን ጠብቁ፤ ከጠብና ከወሬ ራቁ፤ ቤተ መጻሕፍቱን ፈተና ሲደርስ ብቻ አታስታውሱት። ከዚህ በላይ የምንጠይቃችሁ ውለታ የለም።

ያ ልጅ መልሶ የመግባት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር፤ ዘንድሮ ተፈቅዶለታል። የመንገዱን ገንዘብ በላቡ አዘጋጅቷልና ከእኛ ምንም አይፈልግም። በሚሄድበት ሌሊት ግን ሻንጣውን ተሸክመን እስከ መናኸሪያ ልንሸኘው ተስማምተናል። ዓምና ሳናጣራ የመረቅነውን ምርቃት ዘንድሮ መኪናው ሲነሣ ቆመን እያየን እንደግመዋለን።

የስብሰባውን ቀን በዚሁ ሰሌዳ እናስታውቃለን። እባካችሁ አትቅሩ፤ የምንሰበሰበው ለለቅሶ አይደለምና።

መልካም አዲስ ዓመት፤ ለመንገደኞቻችንም መልካም መንገድ።