ሁለተኛው ምዕራፍ የማን ነው?

በገርጂ ባንድ የግል ድርጅት የሚያገለግል ወጣት በቀደም ዕለት ወደ እኔ መጥቶ፤ «የኔታ፣ አለቃችን ‹ተጨማሪ ማይል ሂዱ› እያለ በየቀኑ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያቆየናል፤ ገንዘብም አይጨምርልንም፤ ነገሩ ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ነገሩ ሰው ከታዘዘው አልፎ ሲተጋ እንግሊዞች የሚናገሩት ፈሊጥ ነው። ምንጩ ግን ወንጌል ነው፤ ይኸውም በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 41 የተጻፈው የጌታ ትምህርት ነው። በዚያ ዘመን የሮማ ወታደር መንገደኛውን አስገድዶ ሸክም ያሸክመው ነበር፤ የቀሬናው ስምዖንም መስቀሉን የተሸከመው በዚሁ ግዳጅ ነው። የሮማው ማይል ሺህ ድርብ እርምጃ፣ 1480 ሜትር ያህል ነበረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አስተውል። ፊተኛው ምዕራፍ የአስገዳጁ ነው፤ ሁለተኛው የሂያጁ ነው። የተገደደው ሰው በፈቃዱ ሲጨምር ግዳጁ ይቀርና ለጋሽ ይሆናል። አለቃው «ሁለተኛውንም ሂድ» ብሎ ያዘዘ ጊዜ ግን ሁለተኛው ተመልሶ ፊተኛ ይሆናል፤ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ግብር ይሆናል። ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል ማለት ይህ ነው።

ምናልባት «ትጋትን ትነቅፋለህን?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። አልነቅፍም። ቅኔ ስቆጥር ሌሊቱን ያነጋሁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ነገር ግን መምህሬ ከሰጠኝ በላይ የቆጠርሁት ወድጄ ነው እንጂ ታዝዤ አይደለም።

አባቶቻችን ያንን ርቀት በግእዝ «ምዕራፍ» ብለው ተረጐሙት። ቃሉም ዐረፈ ከሚለው ግስ የወጣ ነውና ማረፊያ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ መንገድ በዕረፍት ይለካል፤ ማይልን የሚሰብክ አለቃ ግን ዕረፍቱን ነጥቆ መንገዱን ብቻ ይተውልናል።

ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳያልፍ፤ ይህም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ እንደ ሆነ በአንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ደንግጓል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ምዕራፍ የሚወድ አለቃ ቢኖር አስቀድሞ ራሱ ይሂድ። ሕጉ ያዘዘውን መክፈል የእርሱ ፊተኛ ምዕራፍ ነው፤ ከዚያም በላይ ወዶ ቢጨምር ሁለተኛው ይሆንለታል።