በየትኛው ረሃብ ተወለደች?

«አንተ የታሪክ ሰው ነኝ ትል የለ? እስቲ እናቴ የተወለደችበትን ዓመት አውጣልኝ» አለኝ ወጣቱ ወዳጄ። አጣዬ፣ ደሴ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ነን።

«መታወቂያዋ ምን ይላል?»

«እሱማ ቀበሌ በግምት የሞላው ነው። አያቴን ስጠይቃት ‹በረሃቡ ጊዜ፣ መጠለያ› ብላ ወሬ ትቀይራለች።»

«የትኛው ረሃብ? የስልሳ ስድስቱ ነው የሰባ ሰባቱ?»

«እሱን ባውቅ አንተን ሻይ እጋብዝ ነበር?»

አልፈረድኩበትም። በአገር አቀፍ ደረጃ ልደት መመዝገብ የጀመርነው ትናንት ነው። አዋጁ 760/2004 ነው፤ ምዝገባው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ተጀመረ። ከዚያ በፊት የይፋት ሰው ዕድሜውን የሚቆጥረው በደረሰበት ነገር ነው። በ1953 ማጀቴን ያፈራረሰው የካራቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ ለስንቱ የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው! የነበረውም ወረቀት ቢሆን በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ከቤት ጋር አብሮ ነዷል።

«ፈረንጅ ቢሆን ግን መዝገብ ገልጦ ያገኘዋል» አለኝ።

«ያገኛል፤ ግን እነሱም ይደብቁ ነበር። እንግሊዝ አገር ከ1834 እ.ኤ.አ. ሕግ በኋላ ችግረኛው እየሠራ የሚበላበት የድሆች ቤት በየአውራጃው ተሠራ። ቻርሊ ቻፕሊን እንኳ በሰባት ዓመቱ ገብቶበታል። ልጅ እዚያ ሲወለድ ታዲያ፣ ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልደት ወረቀቱ ላይ የቤቱ ስም ቀርቶ ተራ የመንገድ ስምና ቁጥር እንዲጻፍ ተደረገ። ልጁ ሲያድግ እንዳያፍር ብለው ነው። ዛሬ የልጅ ልጆቹ ያንን ቁጥር ይዘው ‹አያቴ የተወለደው የማን ቤት ነው?› እያሉ ይፈልጋሉ።»

«እኛስ?»

«እኛማ ጸሐፊም አላስፈለገን፤ ራሳችን ደበቅነው። አያትህ ወሬ የሚቀይሩት ረስተው ይመስልሃል? ‹የስንዴ ልጅ› እንዳትባል ሰግተው ነው። ለመሆኑ መጠለያው የት ነበር?»

«ባቲ ይመስለኛል።»

«ቀይ መስቀል ይረዳው የነበረው ነዋ! እዚያ ሕፃን ይመዘናል፣ ቁመቱ ይለካል፣ ካርድ ይሰጠዋል።»

«ካርዱስ የት ገባ?»

«ካርዱ የሚፈለገው ለስንዴውና ለፋፋው ነው። እህል ካለቀ በኋላ ማን ያስቀምጠዋል? ይልቅ አያትህ ሌላ ምን ይላሉ?»

ትንሽ አሰበ። «አንድ ጊዜ ብቻ ‹ረመዳን ነበር፤ ሳንጾምም ጾመኞች ነበርን› ብላለች። ክረምቱ ሊገባ ደመናው ጠቁሮ፣ የድንኳኑን ዙሪያ ቦይ ሲቆፍሩ ምጥ ያዘኝ ትላለች።»

«በቃ፣ ተገኘ!»

«እንዴት ተገኘ?»

«ረመዳን በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል አይደል? በ1966 የገባው በመስከረም ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ። በ1977 ግን ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል ከሆነ እናትህ የሰባ ሰባት ናት። ይኸው ወሩንም አገኘህ!»

ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ነው እኮ! አርባ አንድ ከሆናት ጡረታ ገና ነው።»

«ክርስቲያን ቢሆኑ ደግሞ ክርስትናን እጠይቅልህ ነበር። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ስለሆነ ከክርስትናው ዕለት ወደ ኋላ ቆጥረህ ትደርስበታለህ። ሰውን ‹ስንት ዓመተ ምሕረት?› ብለህ ካፋጠጥከው ግን ዝም ይልሃል። ‹ዝናብ ነበር? ምን ጾም ነበር? ማን አዋለደሽ?› በለው።»

«አዋላጇንማ ታነሣታለች። የጎን ድንኳን ሴትዮ ናት አሉ፤ በኋላ በሠፈራ ፓዌ ሄደች።»

በ1977 እና በ1978 ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ነው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ፓዌ፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦርና አሶሳ የተጓዘው። የአንዱ ልደት ምስክር ሌላው ሠፈራ ጣቢያ ነው ያለው።

«እንግዲህ የፓዌ ሰው ፈልግ» አልኩት። «ቀይ መስቀልም የተጠፋፋ ሰው ያፈላልጋል። ግን መጀመሪያ አያትህ የአዋላጇን ስም ይንገሩህ፤ ዛሬ ማታ ጠይቃቸው።»

«እምቢ ብትለኝስ?»

«‹ባቲ ባትቀበልሽ ኖሮ እኔም አልኖርም ነበር፤ ምኑ ነው የሚያሳፍረው?› በላቸው። ሻዩን ደግሞ አንተ ክፈል፤ ለእናትህ ዐሥራ አንድ ዓመት ቀንሼላታለሁ።»