ቦሎው አለ፣ ጢሱስ?

ዛሬ ጠዋት ከቡራዩ ወደ አስኮ ስመጣ ከአንድ አይሱዙ ኋላ ተሰለፍኩ። ጥቁር ጢስ! ቀድሜው ሳልፍ መስታወቱ ላይ የዘንድሮ ቦሎ አየሁ።

ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፤ የጢስ መለኪያ ብርሃን ይልካል፣ ጢሱ ምን ያህሉን እንደጋረደ ያነባል። በቃ። ሌንሱ ጥላሸት ከያዘ ንባቡ ይዛባል። ለዚህ ነው በንጹህ አየር ዜሮ የሚደረገው፣ በየጊዜውም ልኩ በታወቀ ማጣሪያ መስታወት የሚፈተሸው።

«ከፍታው ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ናፍጣው በደንብ አይነድም። ግን ለዚህ ክርክርም ቢሆን መጀመሪያ የሚታመን ቁጥር ያስፈልጋል።

ሥጋ ቤት በሚዛን የምንጨቃጨቅ ሰዎች ምርመራ ቦታ ለምን ዝም እንላለን? የካሊብሬሽኑ ቀን መሣሪያው ላይ ተለጥፎ መታየት አለበት። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ያላችሁ ዘንድሮ ስትሄዱ ጠይቁና የተባላችሁትን እዚህ ጻፉልኝ።