ስለ ርካሹ የቧንቧ ማጠፊያ

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ረጅም ክርክር ካስነሡት ጉዳዮች አንዱ የቧንቧ ማጠፊያ መግዛት አለመግዛት ነበር። ላልተገኙ አባሎች ነገሩን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ በክራንች ለሚሄድ አንድ ወንድማችን በኅብረቱ ቤት መታጠቢያ ክፍል የብረት መደገፊያ እንዲተከል ተወስኗል። መደገፊያው የሚቆምባቸው ሁለት አጫጭር ቧንቧዎች፣ ከመሐል እስከ መሐል በ600 ሚሊ ሜትር ርቀት፣ ወለሉ ውስጥ ተቀብረው ሲሚንቶው ከደረቀ ሰነባብቷል። የጠፋው ላዩ ላይ የሚሰካው ብረት ብቻ ነው። ኮሚቴው በክሪክ የሚሠራ ርካሽ ማጠፊያ ገዝተን ራሳችን እንሥራው ሲል፣ አንዳንድ ወንድሞች «ይህ መጫወቻ ነው፤ ትክክል አያጥፍም፤ ገንዘቡን ጠብቀን ለባለ ሱቅ እንስጥ» በማለት ተቃወሙ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ወንድማችን እስከዚያ ድረስ እርጥብ ግድግዳ ተደግፎ ይታጠባል።

«ትክክል አያጥፍም» የሚለው አባባል መሠረት የለውም እላለሁ። እስቲ ከሥሩ እንየው።

ሰብቲያ ገበያ ወርዶ መሣሪያውን ያየ ሰው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያውቃል። አንድ ክሪክ፣ ቧንቧውን ከፊት የሚያግቱ ሁለት ተንከባላዮች፣ በመካከላቸው ደግሞ እንደ ቧንቧው ውፍረት የሚለዋወጡ ግማሽ ክብ ፎርማዎች አሉት። ክሪኩ ፎርማውን ይገፋል፣ ቧንቧውም ይጎብጣል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

የመጀመሪያው ክስ «ቧንቧውን ይጨፈልቃል» የሚል ነው። አዎን፣ ሲጨፈልቅ ይታያል። ግን መቼ? የውሃ ቧንቧና የወንበር ቱቦ በአንድ ስም ቢጠሩም ልካቸው አንድ አይደለም። ባለ አንድ ኢንች የውሃ ቧንቧ ውጪው 33.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስሙ ድሮ ከውስጥ ቀዳዳው የመጣ ነውና። ባለ አንድ ኢንች ተብሎ የሚሸጠው የወንበር ቱቦ ግን ውጪው 25.4 ነው። ፎርማዎቹ የተሠሩት ለውሃ ቧንቧ ነው። እንግዲህ 25.4ቱን ቱቦ ለሦስት ሩብ ኢንች ቧንቧ በተሠራው 26.9 ፎርማ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ባዶ ቦታ ትቶለታል። የቱቦው ጎኖች ወደዚያ ባዶ ቦታ ይሸሻሉ፣ ጀርባውም ይሰረጉዳል። ከዚያ መሣሪያው ይሰደባል! ለመደገፊያችን የሚያስፈልገው ባለ አንድ ኢንች የውሃ ቧንቧና የራሱ ፎርማ ነው። ስፌት ያለው ቧንቧ ከሆነ ስፌቱ በጎን በኩል ይሁን፤ ጀርባውና ሆዱ ሲለጠጡና ሲጨመቁ ጎኑ ብዙም አይነካምና።

ስስ ቱቦ ማጠፍ የግድ ከሆነ ደረቅ አሸዋ ሞልቶ፣ ጠቅጥቆ፣ ሁለቱንም አፍ መድፈን የቆየ ዘዴ ነው። ነገር ግን እርጥብ አሸዋ የታመቀበትን ቧንቧ እሳት ላይ ማድረግ ሕይወት ያስከፍላል፤ እንፋሎቱ ውታፉን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል። ጋልቫናይዝድ ቧንቧንም በእሳት ማጠፍ አይገባም፤ የዚንኩ ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል።

ሁለተኛው ክስ «ልኩን አይጠብቅም» የሚለው ነው። ዋናው ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው። መደገፊያችን የበር ቅርጽ አለው፤ ሁለት እግር እያንዳንዱ 800 ሚሊ ሜትር፣ አናቱ 600። ብዙ ሰው 800፣ 600፣ 800 ደምሮ 2200 ይቆርጣል፤ በ800ና በ1400 ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ያጥፋል። ውጤቱስ? አናቱ 643 ይሆናል፤ ወለሉ ላይ ከተቀበሩት ቧንቧዎች አንዱ ውስጥ ሲገባ ሌላውን አልፎ ይሄዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቧንቧ እንደ ካርቶን ማዕዘን ሠርቶ አይታጠፍም፤ ጥጉን በክብ ያቋርጣል። ለስሌት እንዲመች የመታጠፊያውን ራዲየስ በቧንቧው መሐል 100 ሚሊ ሜትር እንበል። ለዘጠና ዲግሪ ክቡ የሚፈጀው 100 ሲባዛ በ3.14 ሲካፈል ለሁለት፣ ማለትም 157 ነው። ጥጉን ዞሮ ለመሄድ ግን 200 ይፈጅ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ መታጠፊያ 43 ሚሊ ሜትር ያተርፋል። ቧንቧው መቆረጥ ያለበት በ2114 ነው። በዚህ ዓይነቱ ማጠፊያ ምልክቱ የሚያርፈው በፎርማው መሐል ላይ ስለሆነ፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 600 ሳይሆን 557 ይሆናል፤ ከየጫፉ ደግሞ 778 ተኩል።

«ፎርማው ራዲየሱ ስንት እንደሆነ በምን እናውቃለን?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ሜትር ቧንቧ በሴጌቶ ቆርጦ ዘጠና ዲግሪ ማጠፍ፣ በእስኳድራ ማረጋገጥ፣ ሁለቱን እግሮች እስከ ውጪው ጀርባ መለካት፣ ከእያንዳንዳቸው የቧንቧውን ውፍረት ግማሽ መቀነስና መደመር ነው። ከ1000 በላይ የተገኘው ቁጥር የዚያ ፎርማ ትርፍ ነው። ለ0.43 ቢካፈል ራዲየሱን ይሰጣል። አንድ ጊዜ ተለክቶ ግድግዳ ላይ ከተጻፈ ሁልጊዜ ያገለግላል።

ብረት ደግሞ እልኸኛ ነው፤ ክሪኩ ሲላላ ሁለት ሦስት ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሙከራው ቧንቧ ላይ ምን ያህል እንደተመለሰ አይቶ ያንኑ ያህል አሳልፎ መግፋት ነው። ያነሰውን መጨመር ይቻላል፤ ያለፈውን ማቃናት ግን ጭንቅ ነውና በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። ሁለቱ መታጠፊያዎች እንዳይጣመሙም ቧንቧው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ መስመሩን ወደ አንድ አቅጣጫ መያዝ፣ በኋላም ሸክላ ወለል ላይ አጋድሞ ይወዛወዝ እንደሆነ ማየት ይበቃል።

መሣሪያው ሁሉን ይችላል የሚል የለም። ለብስክሌት ስስ ቱቦ ወይም በጣም ለጠበበ መታጠፊያ አይሆንም፤ በዚህ የተቃዋሚዎቻችን ሐሳብ ትክክል ነው። የእኛ ጥያቄ ግን አንድ መደገፊያ ነው።

ከመካከላችን የምሕንድስና ተማሪ ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። የክብን ዙሪያ ማስላት የሚያቅተው አለ ብዬ አላምንም። ታዲያ ያን ሁሉ ተቃውሞ ያመጣው ምንድን ነው? በእኔ ግምት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነገር ነው። ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ማረሻውን ግን ከእሱው የሚገዛ ኅብረተሰብ ልጆች ነን። ምን አለሽ ተራ ቁጭ ብሎ አሮጌ ብረት የሚያቃና ሰው በእጁ የሚያውቀውን፣ እኛ በደብተር ጽፈን ፈተና አልፈንበት ስናበቃ ለመንካት እናፍራለን።

አንድ ሙሉ ቧንቧ 6 ሜትር ነው። አንድ ሜትሩ ለሙከራ ቢቆረጥና የመጀመሪያው መደገፊያ ቢበላሽ እንኳ ሁለተኛ የሚሠራበት ይተርፋል። ስለዚህ ኮሚቴው ማጠፊያውንና አንድ ቧንቧ እንዲገዛ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበት ዘንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሴጌቶና እስኳድራ ያላቸው አባሎች ይዘው ቢመጡ፣ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሥራው ሊጀመር ይችላል።