የሳሎኑ ጠረጴዛና የመስገጃው ቦታ



ኒካሕዋ ሊታሰር ሁለት ወር የቀራት የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን አንድ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። ወረቀቱ ላይ ከእጮኛዋ ጋር ለአዲሱ ቤታቸው ሊገዙ ያሰቡት ዕቃ ተዘርዝሯል። ከሶፋው፣ ከቡፌውና ከምንጣፉ ቀጥሎ «የሳሎን ጠረጴዛ፣ ባለ መስታወት፣ ከሁለት ትንንሾች ጋር» ይላል። ልጁ ለዚህ ሁሉ ብድር ሊገባ ነው። «አክስቴ፣ ታዲያ ሰው ቤታችን ሲመጣ ምን ይላል?» አለችኝ። ስለ ሶፋው ዛሬ አልናገርም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ስለ ጠረጴዛው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ እኔም በዚያው መንገድ አልፌያለሁና።

እኛ ስንጋባ የገዛነው ጠረጴዛ 120 በ70 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት የተጫነበት ነበር። መስታወቱ ብቻውን 25 ኪሎ ይሆናል። በረመዳን ተራዊሕን ከልጆቹ ጋር ቤት ውስጥ በጀመዓ ልንሰግድ ባልን ቁጥር ለሁለት ተሸክመን ጥግ እናስይዘዋለን። አንድ ምሽት ባለቤቴ አልነበረም። እኔና ሁለተኛዋ ልጄ ስንጎትተው እግሩ ተነቀለ። ያ የሚያብረቀርቅ እግር ለካ ውስጡ ቺፑድ ኖሯል፤ ብሎኑ ፍርፋሪውን ይዞ ወጣ። መስታወቱም ሲወርድ የልጄን የእግር አውራ ጣት አገኘው። አልሐምዱሊላህ፣ አጥንቷ ተረፈ፤ ጥፍሯ ግን ዛሬም ጠማማ ነው። የሸጠልን ሰው ስንነግረው «ጠረጴዛ እኮ አይጎተትም» አለን። በእኛ ቤት ግን ጠረጴዛ በቀን አምስት ጊዜ ሊነሳ ይችላል!

ስለዚህ የእህቴን ልጅ ሜትር አስይዤ የሚከራዩትን ቤት እንድትለካ ላክኋት። የሳሎኑ ወርድ 3 ሜትር ነው። ሶፋው 90 ሳንቲ ይወስዳል። በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል ለጉልበትና ለማለፊያ 40 ሳንቲ ይፈለጋል። ጠረጴዛው 70፣ የቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ 40። ስንደምረው 2 ሜትር ከ40 ሆነ፤ የተረፈው 60 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ መስገጃ ደግሞ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ባልየው ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ይስገዱ ቢባል ከሁለት ሜትር በላይ ባዶ ወለል ያስፈልጋቸዋል። ልጅቷ ወረቀቱን ደጋግማ አየችውና ዝም አለች።

አሁን በየስልኩ «ሚኒማሊስት» እየተባለ የሚታየው የእንጨት ጠረጴዛ ለዚህ ችግር የተሠራ ይመስላል። ዝርግ ገበታ፣ አራት ወይም ሦስት ቀጭን እግር፣ በቃ። ቅርጻ ቅርጽ የለው፣ መስታወት የለው፣ ወርቃማ ጠርዝ የለው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳየው ሠሪው ሳይጨርሰው የተወው መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ግን የጅማ በርጩማ ትዝ አለኝ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ያለ ምስማር የሚወጣው ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ከዚህ በምን ይለያል? በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሐረር ጀጎል ያሉትን ነባር ቤቶች ያየ ሰውም ይህን ያውቃል። ቤተሰቡም እንግዳውም የሚቀመጠው ነደባ በሚባለው ምንጣፍ በለበሰ መደብ ላይ ነው። ሰፌዱና ሳህኑ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ ሌላው ዕቃ በግድግዳው ውስጥ በተሠሩት መደርደሪያዎች ይቀመጣል። መሐሉን የሚዘጋ ጠረጴዛ የለም። ያንን ቤት ባዶ ነው ያለ እንግዳ ግን አልሰማሁም።

ፈረንጆች ይህን ዕቃ «የቡና ጠረጴዛ» ይሉታል። እኛ ዘንድ ቡናው የራሱ ረከቦት ስላለው ጠረጴዛው የሚፈለገው ለብርጭቆ፣ ለተምር ሳህንና ለልጆች የቤት ሥራ ነው። ለዚህ 100 በ50 ሳንቲ ይበቃል። ከፍታው ከሶፋው መቀመጫ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ፣ 40 ሳንቲ አካባቢ ቢሆን ደግ ነው።

ከዚያ እሷንና እጮኛዋን ይዤ አንድ እንጨት ሥራ ቤት ሄድን። አናጺው በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። «ዋንዛ ይሁንላችሁ» አሉ። ዋንዛ ለመላጊያ ይመቻል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም፣ ሲደርቅ ደግሞ ቀላል ነው፤ 2.5 ሳንቲ ውፍረት ያለው የዚያ ስፋት ገበታ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ቢሆን ነው። ዛፉ እንደ ልብ አለመገኘቱን ግን አትርሱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ዋንዛ በገበሬው ማሳ ለቡና ጥላ ሆኖ የሚያድግ ዛፍም ስለሆነ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለውም። ከፈረሰ ቤት ወይም ከአሮጌ ቁም ሣጥን የተገኘ ጣውላ ካለ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ለዓመታት ደርቋልና አይጣመምም። ባሕር ዛፍ በርካሽ ቢቀርብላችሁ ተጠንቀቁ፤ በደንብ ካልደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይጎብጣል።

ተሠርቶ የቆመ ጠረጴዛ የምትገዙ ከሆነ ሳትግደረደሩ ገልብጡት። ከላይ የለበሰው ስስ ልባጥ ያታልላል፤ ከሥር ቺፑድ ከሆነ ፍርፋሪው ይታያል። እግሩን ያዙና ነቅንቁት። ጫፉ ተጠርቦ ጉድጓድ ውስጥ የገባና በኮላ የተያዘ እግር፣ በብሎን ብቻ ከተያዘው ይበልጣል። ማዕዘኑን በመዳፋችሁ ዳስሱት፤ መራመድ የጀመረ ሕፃን ግንባሩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና የከበበ ይሁን። ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ላይ የጋለ ጀበና ያለ ማቶት ከተቀመጠ ነጭ ክብ ይተዋል፤ ይህን ለእንግዳ መንገር ስለሚያሳፍር ማቶቱን ቀድሞ ማስቀመጥ ነው።

ልጁ አናጺውን «አባባ፣ ሁለቱን ትንንሾችስ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ስንት ሰው ናችሁ?» አሉት። «ሁለት» አለ። ሳቁና ልኩን ጻፉ። ዋጋው በወረቀቱ ላይ ለጠረጴዛ ከተያዘው ከግማሽ በታች ስለሆነ ልጁ ያንኑ ያህል ከብድሩ ቀነሰ። ጠረጴዛው በሦስት ሳምንት አለቀ፤ የእህቴ ልጅ ብቻዋን አንስታ ግድግዳ ስታስጠጋው አይቻለሁ። አሁን ወረቀቱ ላይ የቀረን የቡፌው ነገር ነው፤ ስለ እሱ ገና እየተከራከርን ነው።